ድምፅ የሚቀንስ ሰው

ማርታ የደወለችልኝ እሑድ ጠዋት ነው። ስልኩን ሳነሳ መጀመሪያ የሰማሁት ትንፋሿን ነበር። ማርታ ሁልጊዜም እንዲህ ናት፤ ከቃሏ ትንፋሿ ይቀድማል።

«ጋሽ ሀንዲሶ አረፈ» አለችኝ።

«መቼ?»

«ትናንት ከሰዓት በኋላ። ጋደም እንዳለ ነው አሉ። ሬዲዮው እንደተከፈተ።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቆየሁ። ከወዲያ፣ ከሆሳዕና በኩል፣ ዶሮ ሲጮህ ሰማሁ፤ ራቅ ብሎ ባጃጅ አለፈ፤ ከሁሉም ኋላ ደግሞ የብዙ ሰው ጉምጉምታ አለ፤ ለቅሶ ቤቱ መሆን አለበት። ሳላስበው ድምፆቹን በየቦታቸው አስቀመጥኳቸው። ዶሮው ቅርብ፣ ባጃጁ ራቅ ያለ፣ ለቅሶው ከሁሉም ጀርባ፣ የማርታ ትንፋሽ ከፊት። እንዲህ መስማት ያስተማረኝ ሟቹ ነው። ስልኩን ዘግቼ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከታች የአዲስ አበባ መንገድ ይንጫጫል። እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም፤ ጭጋግ የወረደበት የሆሳዕና አመሻሽ ውስጥ ነበርኩ።

ያን ጊዜ በከተማው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርኩ። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ በአውራጃው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ የቀረ ሰው ነው፤ እኔ የተወለድኩት እዚያው፣ ሽማግሌዎቹ ዋቸሞ እያሉ በሚጠሯት ከተማ ነው። መምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ አኮርዲዮን መነካካት ተምሬ ነበርና የአውራጃው የኪነት ቡድን ኦርጋን የሚጫወት ሰው ሲፈልግ ስሜ ተጠራ። ፈቃደኛ ነሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ያኔ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም ነበር።

መለማመጃችን ቀድሞ ጸሎት ቤት የነበረ አዳራሽ ነው። መንግሥት የወንጌላውያኑን ጸሎት ቤቶች ሲዘጋ እሱም ተዘግቶ ቆየና ለኪነት ተሰጠ። መጀመሪያ ቀን ስሄድ ውስጥ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቡናማ ካፖርት የለበሰ። ወደ አንዱ ጥግ ይሄድና አንዴ ያጨበጭባል፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይቆያል፤ ከዚያ ወደ ሌላው ጥግ ሄዶ እንደገና ያጨበጭባል። ጤና የጎደለው ሰው መስሎኝ ልመለስ ስል አየኝ።

«ግባ፣ ግባ» አለኝ። «ቤቱን እያናገርኩ ነው።»

«ምን አለዎት ታዲያ?» አልኩት እየሳቅሁ።

«ጣሪያው ወሬኛ ነው» አለ፣ በቁም ነገር። «ግድግዳው ግን ዝምተኛ ነው። ጭቃ ነው፤ ጭቃ ድምፅ ይበላል። ከበሮውን እዚያ በሩ ጋ ብታስቀምጥ ሁላችንንም ይረብሸናል። እዚህ ጥግ ብታስቀምጠው ግን ጨዋ ይሆናል።»

ጋሽ ሀንዲሶ ከፎንቆ ወገን ነው፤ አፉን የፈታው በሀዲይኛ ነው። አማርኛውን ካደገ በኋላ ስለተማረው ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይል ነበር። እኔንም ከዚያን ቀን አንስቶ «አንተ መምህርት» አለኝ፤ እስከ መጨረሻው አልቀየረውም። የቡድኑ ልጆች ሲስቁበት እሱም አብሮ ይስቃል። እኔ ግን እዚያው ተወልጄ አድጌ በእሱ ቋንቋ ሰላምታ እንኳ አስተካክዬ ስለማላውቅ መሳቁ አልሆነልኝም።

በወጣትነቱ አዲስ አበባ ሄዶ አንድ ሆቴል ውስጥ ለሚጫወት ባንድ ድምፅ ያስተካክል ነበር። ሰዓት እላፊ ሲታወጅ የማታው ጭፈራ ቀረ፤ ሙዚቀኞቹ ተበታተኑ። ከመካከላቸው አንድ የውጭ አገር ሰው ሲሄድ ትንሽዬ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሰጥቶት ሄደ። ሲንተሳይዘር ነው ስሙ፤ እኛ ግን ኦርጋን ነበር የምንለው። እንደ ሻንጣ የሚከደን፣ ጥቂት ነጭና ጥቁር ቁልፎች ያሉት፣ ከላዩ ማዞሪያዎች የተደረደሩበት ነው። በአንድ ጊዜ ከአንድ ድምፅ በላይ አያወጣም። ጋሽ ሀንዲሶ ይህን መሣሪያ፣ ድምፆችን የሚያደባልቅ አንድ አሮጌ ሚክሰርና በጥቅል ክር የሚቀዳ አንድ ትልቅ የሪል ቴፕ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጭኖ አገሩ ገባ። የኪነት ቡድኑ ሲቋቋም ሰውየውንም ዕቃውንም አብረው መለመሏቸው።

መብራት የሚመጣው ጄኔሬተሩ ሲነሳ፣ አመሻሽ ላይ ነው። ስለዚህ ቀኑ እየደበዘዘ፣ ጭጋጉ በበሩ ስር እየገባ ነበር የምንለማመደው። መጀመሪያ ኦርጋኑን ስነካው ያወጣው ድምፅ ታንቆ እንደሚጮህ ፍየል ነበር። ደንግጬ እጄን ሰበሰብኩ።

«አይዞህ» አለኝ። «ጥሬ ነው። ገና አልበሰለም።»

ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠና ከማዞሪያዎቹ ጋር አስተዋወቀኝ።

«ድምፅ እንግዳ ነው፣ መምህርት። መጀመሪያ፣ እንዴት ይገባል? አንዱ በሩን በርግዶ ይገባል፤ ጡሩምባ እንደዚያ ነው። አንዱ ደግሞ መግባቱን ሳታውቅ ጥግ ይዞ ተቀምጦ ታገኘዋለህ። ይሄኛው ማዞሪያ አገባቡ ነው። ከገባ በኋላ ምን ያህል ይቀመጣል? እሱ ይሄኛው ነው። መጨረሻ ላይስ እንዴት ይወጣል? ብድግ ብሎ ይሄዳል ወይስ በር ላይ ቆሞ ሲሰናበት ያመሻል? እሱ ደግሞ ይሄ ነው።»

እነዚያን ማዞሪያዎች በእንግዳ ስም እየጠራሁ ተማርኳቸው። አክስቴ እንዴት ትገባለች? የአባቴ አለቃስ? እንደ አክስቴ የሚገባ ድምፅ ለመሥራት ስሞክር አንድ ሙሉ ምሽት ሳቅን። አንደኛውን ትልቅ ማዞሪያ ደግሞ «ወንፊት» ይለዋል። ሲከፍተው ድምፁ ይሳላል፣ ያንጸባርቃል፤ ሲዘጋው ይለዝባል፣ ብርድ ልብስ እንደለበሰ ይሆናል።

አንድ ቀን «ዝናብ ሥራልኝ» አለኝ። ለአንድ ተውኔት መግቢያ ነበር የተፈለገው። መሣሪያው ሽሽሽ የሚል ድምፅ ማውጣት ይችል ስለነበር እሱን ከፈትኩና «ይኸው» አልኩት።

«የት ላይ ነው የሚዘንበው?»

«እንዴት የት ላይ? ዝናብ ነዋ።»

«ቆርቆሮ ላይ ነው? ሣር ክዳን ላይ ነው? እንሰት ላይ ነው?»

ካፖርቱን አወለቀና ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገልኝ። ከአዳራሹ ጀርባ የአንድ ገበሬ የእንሰት ማሳ ነበር። በካፊያው እየመራ ወሰደኝና ከአንዱ ትልቅ እንሰት ስር አቆመኝ። አንድ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ሁለቱንም ጨፈንኩ። መጀመሪያ የሰማሁት ያው ሽሽሽታ ነው። ቆይቶ ግን ተከፋፈለልኝ። ከላይ ትንንሾቹ ጠብታዎች ቅጠሉ ላይ ይንሾካሾካሉ፤ ቅጠሉ አጠራቅሞ አጠራቅሞ ሲከብደው አንዱን ትልቅ ጠብታ ወደታችኛው ቅጠል ይጥለዋል፤ ድብ ይላል፣ እንደ ሩቅ ከበሮ። ከማሳው ወዲያ ደግሞ ዝናቡ ዝናብ መሆኑ ቀርቶ ግራጫ ነገር ብቻ ነው። ምን ያህል እንደቆምን አላውቅም። ሕልም ይመስለኛል እስከ ዛሬ። ስንመለስ ያንን ሽሽሽታ በወንፊቱ አለዘብነውና በቴፑ ቀዳነው፤ ትንሽ አጭር ወፍራም ድምፅ ሠርተን አልፎ አልፎ ጣል አደረግንበት። ተውኔቱ የታየ ቀን ፊት ወንበር የተቀመጡ ሴትዮ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ሳብ ሲያደርጉ አየሁ።

ድምፆችን ማዋሃድ የተማርኩት ከዚህ በኋላ ነው፤ እሱ «ማስማማት» ይለው ነበር። እኔ እንደ ማንኛውም ጀማሪ ያልተሰማኝን ሁሉ መጨመር ነበር የማውቀው። ጡሩምባው ካልተሰማ ጡሩምባውን፣ ከዚያ ዘፋኙን፣ ከዚያ ከበሮውን፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም ጫፍ ይደርስና የሚሰማ ነገር ይጠፋል። ጋሽ ሀንዲሶ ሁሉንም ወደ ታች ያወርዳል። ከዚያ «የዛሬው ባለቤት ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ባለቤቱ ዘፋኟ ከሆነች እሷን ብቻ ይከፍታል። ሌላው ሁሉ እሷን እያየ፣ እየፈራ ነው የሚገባው። ጡሩምባ ነፊው «ጋሼ፣ እኔ አልሰማም፣ ጨምርልኝ» ብሎ ሲጮህ አንገቱን ይነቀንቅና ሌሎቹን በትንሹ ይቀንሳል። ጡሩምባ ነፊው «አዎ፣ አሁን ተሰማ!» ይላል። እኔና ጋሽ ሀንዲሶ አንተያይም፤ ከተያየን እንስቃለን።

ከበሮውና ቤዝ ጊታሩ ሲጣሉ ደግሞ «ሁለቱም ወፍራም ናቸው» ይል ነበር፤ «አንድ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ይገፋፋሉ። ከበሮው ሲናገር ጊታሩ ይታገሠው።» ሁሉም ተስማማ ስንል ደግሞ እሱ ይወጣል። መንገዱን ተሻግሮ አጥሩ ስር ይቆምና ከዚያ ሆኖ ያዳምጣል። የሚያልፈውን ሰው ያስቆማል። አንድ ጊዜ ከገበያ የምትመለስ ሴት አስቁሞ «ቃሉን ሰማህ?» ሲላት ከበሩ ሰማሁት። «ኧረ እኔ ጩኸት እንጂ ቃል አልሰማሁም» አለችው። ተመልሶ ገባና ያለ አንዳች ቅሬታ ከሀ ጀመረ።

የቡድኑ ኃላፊ ጓድ ታደለ ይህንን አይወድም ነበር። ጓድ ታደለ መጥፎ ሰው አልነበረም፤ ድምፁ በመፈክር ብዛት የተበላ፣ ሁልጊዜ የሚቸኩል፣ ሁልጊዜ ከበላይ የሚፈራ ሰው ነው። በሩን ከፍቶ ይገባና «ምንድነው ይሄ መንሾካሾክ? ትግል በሹክሹክታ አይዘፈንም!» ይላል። ጋሽ ሀንዲሶ «እሺ ጓድ» ብሎ የራሱን ስፒከር ወደ ጓድ ታደለ ያዞርለታል። ጓድ ታደለ ሲወጣ ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

ከዘፋኞቻችን ሁሉ ድምፀ ትንሿ ማርታ ነበረች። ከአንጋጫ መጥታ ሁለተኛ ደረጃ የምትማር ልጅ ናት። የኪነት ቡድኑ ሴቶች የሚያድሩበት ክፍል ስለነበረው እዚያ ታድራለች። ከቡድኑ ብትወጣ ክፍሉን ታጣለች፤ ክፍሉን ካጣች ትምህርቷ አበቃ። ድምጿ ቀጭን ነው፤ ግን ከሁሉም ይልቅ ቃል የሚሰማው ከእሷ አፍ ነው።

የክፍለ ሀገሩ የኪነት ውድድር ሲደርስ፣ ከየአውራጃው ዘፈን ተቀድቶ እንዲላክ ታዘዘ። የተመረጠው ዘፈን አገር እናት ልጆቿን ወደ ግንባር ስትጠራ የሚል የሰልፍ ዜማ ነው። መሪዋ ማርታ እንድትሆን ተወሰነ። ቀረጻው ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ማርታ ወደ ቤቷ ሄዳ ተመለሰች። አዳራሹ ውስጥ ቆመች፤ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ትንፋሽ ነበር።

ጋሽ ሀንዲሶ ወደ ጥግ ወስዶ በቋንቋዋ አነጋገራት። እሷ ከምባትኛ ነው የምትናገረው፤ እሱ ሁለቱንም ይችላል። ሲመለስ ፊቱ ሌላ ሆኖ ነበር።

«ወንድሟ ሞቷል» አለኝ በጆሮዬ። «ዮሐንስ። ግንባር። አብሮት የነበረ ቁስለኛ መጥቶ ለእናቱ ነገራት። ከመንግሥት መርዶ አልመጣም።»

ያኔ መንግሥት ያላረዳውን ሰው ማልቀስ አስፈሪ ነገር ነበር። «ወሬ አናፋሽ» ያሰኛል። ስለዚህ ልጅቷ ጥቁር እንኳ አልለበሰችም። ለጓድ ታደለ የነገርነው ታማለች ብለን ነው። በማግስቱ መጥቶ ሰማት።

«ድምጿ ሞቷል» አለ። «ሌላ ሰው ተኩ። ጊዜ የለንም።»

ማርታ መሬት መሬት ታያለች። ጋሽ ሀንዲሶ ከሚክሰሩ ኋላ ቀስ ብሎ ተነሣ።

«ድምፁ አልሞተም፣ ጓድ» አለ። «እኛ ነን የበዛነው። ነገ እቀዳለሁ፤ ከዚያ ይስሙ።»

በማግስቱ ጄኔሬተሩ ለእኛ ተብሎ በቀን ተነሣ። ጋሽ ሀንዲሶ ጡሩምባ ነፊዎቹን ከአዳራሹ አስወጥቶ ግቢው ውስጥ ሣር ላይ አቆማቸው፤ በሩን ገርበብ አደረገው። ከበሮውን ጭቃው ጥግ አስገብቶ ጋቢ አለበሰው። የእኔን ኦርጋን ወንፊት ዘግቶ ዘግቶ ከሩቅ የሚመጣ ጭጋግ አስመሰለው። ተቀባይ ዘፋኞቹን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞራቸው። ማይክራፎኑን ግን ማርታ አፍ ሥር፣ ከንፈሯ ሊነካው እስኪደርስ አቀረበውና አንድ ነገር አላት። ምን እንዳላት በኋላ ጠየቅሁት። «ለዮሐንስ ብቻ ንገረው፤ እኛ አንሰማም አልኳት» አለኝ።

ዘፈነች። ቃሉ ያው የሰልፉ ቃል ነው፤ አንዲት ፊደል አልተቀየረም። ግን እናት ልጇን ትጠራለች በሚለው ቦታ ላይ የምትጠራው እናት እውነተኛ እናት ሆነች። ጡሩምባው ከኮረብታ ማዶ እንደሚመጣ ከሩቅ ገባ። ከበሮው ከጋቢው ሥር እንደ ልብ ይመታል። ጣቴን ቁልፉ ላይ እንደጫንኩ እንባዬ ይወርዳል፤ እጄን ማንሣት ስለማልችል አልጠረግሁትም።

ጓድ ታደለ አመሻሹ ላይ መጣና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቴፑ ዞረ። ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦት ነበር።

«ይሄ ለቅሶ ነው» አለ በመጨረሻ።

«ዘፈኑ ያው ነው፣ ጓድ። ቃል አልነካንም።»

«ከበሮውን ጨምረው።»

«አይቻልም። አብሮ ነው የተቀዳው፤ አንዱን ከአንዱ መለየት አይቻልም።»

«እንግዲያው እንደገና ይቀዳ!»

«ይቀዳ» አለ ጋሽ ሀንዲሶ። «እኔ ግን አልቀዳም።»

በዚያ ዘመን እንዲህ ብሎ የሚመልስ ሰው አይቼ አላውቅም። ደግሞ በቁጣ አይደለም፤ አንድ ሰው ዛሬ አይመቸኝም ሲል በሚናገርበት ለስላሳ ድምፅ ነው። ጓድ ታደለ ተነሣ፤ ሪሉን ከማሽኑ አውጥቶ ጋሽ ሀንዲሶ ደረት ላይ ጫነበትና «ይህን ከዚህ አጥፋልኝ» ብሎ ወጣ።

ዘፈኑ በሌላ ዘፋኝ፣ በሌላ ሰው እጅ፣ በሙሉ ጩኸቱ ተቀድቶ ተላከ። ምላሽ አልመጣም። ለማርታ ፈርተን ነበር፤ ሆኖም ጓድ ታደለ ከክፍሏ አላስወጣትም፤ ትምህርቷን እስክትጨርስ አንድም ቀን ስሟን አላነሣም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ቴፑን ሲሰማ ግን ፊቱን አይቼዋለሁ።

ጋሽ ሀንዲሶን ከቡድኑ አንሥተው ሞንታርቦ የተጫነባት ላንድሮቨር ላይ መደቡት። ሥራው በየገጠሩ እየዞሩ ለስብሰባ፣ ለክትባት፣ ለመሠረተ ትምህርት ሕዝብ መጥራት ነው። ቅጣት ነበር። አንድ ጊዜ ለመሠረተ ትምህርት ምዝገባ ወደ ሀቢቾ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። ከእሱ በፊት የነበረው ሰው ሲጮህ ገበሬው ማሳው ውስጥ ይደበቅ ነበር አሉ። ጋሽ ሀንዲሶ ድምፅ ማጉያውን ዝቅ አድርጎ፣ ማይክራፎኑን ወደ ደረቱ አስጠግቶ፣ በሀዲይኛ ቀስ ብሎ ያወራል። በየመሐሉ ያርፋል። ድምፁ እርጥቡን ሸለቆ ተሻግሮ ይሄድና እኛ ዝም ስንል ከወዲያኛው ተረተር ይመለስልናል። ሴቶች ከየእንሰቱ መሐል ቀና ብለው ያዳምጣሉ። አንድ ሽማግሌ ወደ መኪናዋ መጥተው የሆነ ነገር ሲሉት ሳቀ።

«ምን አሉህ?» አልኩት።

«እኔ ብቻዬን የተጠራሁ መስሎኝ መጣሁ፣ ይኸው አገሩ ሁሉ መጥቷል አሉኝ።»

ያችን የማርታን ዘፈን አንድ ጊዜ ወደ ካሴት ቀድቶ ነበር። ካሴቱን ለእናትህ ስጥ ብሎ ለማርታ ሰጣት። ከዚያ የሆነውን ማንም አላሰበውም። ጎረቤት ተዋሰችው፤ የጎረቤቷ ልጅም ግንባር ነበር፤ ቀዳችው። ከእሷ ሌላው ቀዳ። በቀጣዩ ክረምት ፎንቆ ገበያ ስሄድ ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት ቴፕ ሲዘፍን ሰማሁ። እየተቀዳ እየተቀዳ ከመምጣቱ የተነሣ ጭርርታው እንደ ዝናብ ሆኗል። የእኔ ኦርጋን ጠፍቷል። ከበሮውም እምብዛም የለም። የቀረው ጭርርታውና ከጭርርታው ወዲያ የምትጣራ አንዲት ሴት ብቻ ናት። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን አቁሞ ነበር። ቅቤ ይዘው የሚያልፉ ሴቶች ቆመዋል። ማንም ማንንም አያይም።

ወሬው አውራጃ ደረሰ። ጋሽ ሀንዲሶን ወሰዱት፤ ቤቱ ተፈተሸ፤ የተገኘው ካሴት ሁሉ ተጫነ። ሪሉን ግን አላገኙትም፤ ሚስቱ በላስቲክና በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ከቆጮው ጉድጓድ ጎን ቀብራው ነበር። ምርመራው ላይ ምን እንደተባባሉ የነገረኝ ከወጣ በኋላ ነው።

«ስንት ቀዳህ አሉኝ። አንድ አልኩ። ለማን? ለእናት። ታዲያ ይሄ ሁሉ ከየት መጣ አሉኝ።»

«ምን አልካቸው?»

«ሌሎችም እናቶች ነበሩ አልኳቸው።»

ብዙ ወራት አሥረው ለቀቁት። ሲወጣ ጸጉሩ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል፤ በግራ ጎኑ መተኛት አይችልም። ላንድሮቨሯም ቀርታለች። ቡድኑ የመለሰለትን አሮጌ ሚክሰርና ሪል ቴፕ ይዞ ሬዲዮ እየጠገነ መኖር ጀመረ። ስለ እስር ቤቱ ከእሱ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ጨለማ ውስጥ ተኝቶ የእያንዳንዱን እስረኛ አተነፋፈስ ለይቶ እንዳወቀና አዲስ ሰው ሲገባ ሳያየው እንደሚያውቀው ነገረኝ።

አሁን የምነግራችሁ የሆነው እሱ ከተፈታ በኋላ ነው፤ እሱን ሳስብ ሁልጊዜ የምመለሰው እዚህ ጋ ነው። ማርታ ትምህርቷን ጨርሳ አዲስ አበባ ዘመድ ጋ ሄዳ ነበር። አንድ የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሀንዲሶ ቤት ቁጭ ብለን ስንጫወት በሩ ላይ አንዲት ሴት ቆመው አየን። ከአንጋጫ በእግራቸው ነው የመጡት፤ የቀሚሳቸው ጫፍ ጭቃ ነክቶታል። መቀነታቸውን ፈትተው አንድ ካሴት አወጡ። ፊቱ ተፍቆ ነጥቷል።

«የማርታ እናት ናቸው» አለኝ ጋሽ ሀንዲሶ፣ ካነጋገራቸው በኋላ። «ሰው ሁሉ እየተዋሰ ካሴቱ አልቋል። ጭርርታ ብቻ ሆነብኝ፣ ልጄን አሰማኝ እያሉኝ ነው።»

ሚስቱ ሪሉን አመጣች። መብራት እስኪመጣ ጠበቅን። ሴትየዋ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ማሽኑን እንደ ሰው ፊት ያዩታል። ቴፑ ሲዞር፣ የማርታ ትንፋሽ መጀመሪያ ሲመጣ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቁት።

«ከበሮውና ጡሩምባው ይውጡልኝ ነው የሚሉት» አለኝ። «የልጄን ብቻ መስማት እፈልጋለሁ ይላሉ።»

«ይቻላል?»

«ሙሉ በሙሉ አይቻልም። እሞክራለሁ።»

ቴፑን መለሰው። ሚክሰሩ ላይ ወፍራሙን ድምፅ ቀስ እያለ ቀነሰው፤ ከበሮው ወደ መሬት ሰመጠ። ቀጭኑን ቀነሰው፤ ጡሩምባው ከሩቅም ርቆ ጠፋ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ በጣቱ ጫፍ፣ እንቁላል እንደያዘ ሰው ነበር የሚያዞረው። ቤቱ ውስጥ የቀረችው ማርታ ብቻ ሆነች። ቀጭን፣ ያልተሸፈነች፣ ዙሪያዋ ባዶ። ጋሽ ሀንዲሶ ፊቱ በራ፤ ሲሠራለት የሚያሳየውን ፊት አውቀዋለሁ።

ሴትየዋ ግን በርጩማው ላይ ወደ ፊት አጎነበሱ። እጃቸውን ዘርግተው የእሱን እጅ ያዙና ተናገሩ። ቋንቋውን አላውቅም፤ ልመና መሆኑን ግን አወቅሁ።

ጋሽ ሀንዲሶ ዓይኖቹን ገለጠ።

«ምን አሉ?» አልኩት።

ወደ እኔ ዞረ።

«ብቻዋን ሆነች፣ ሰዎቹን መልስላት አሉኝ።»

ቀስ ብሎ ማዞሪያውን መለሰው። መጀመሪያ ከበሮው ከጋቢው ሥር መጣ። ቀጥሎ ተቀባይ ዘፋኞቹ፣ የእኔ ጭጋግ፣ በመጨረሻም ጡሩምባዎቹ ከሣሩ ላይ ተነሥተው በገርባባው በር ገቡ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ድምፅ ሲቀንስ የኖረው ጋሽ ሀንዲሶ አንድ በአንድ እየጠራ አስገባቸውና ልጅቷን ከበቧት። እናቲቱ ወደ ግድግዳው ደገፍ አሉ። ትንፋሻቸው ረጋ።

ጋሽ ሀንዲሶ እጁን ከማዞሪያው አንሥቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ቴፑ እስኪያልቅ ድረስ ምንም አልነካም።